ጨፌው፣ ፈቃዱና አውሮፕላን ማረፊያው

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለመሠረታዊ ማኅበራት ተወካዮችና ለወረዳ አመራር አካላት የቀረበ ንግግር)





በዓሉን ምክንያት በማድረግ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ትርፍ ክፍፍልና ስለ ገበያ ትስስር ብዙ ተነግሯል። ይህ ንግግር ግን በሩቅ አገር በአንድ ጨፌ ላይ የተካሄደ ክርክርን ይመለከታል። ክርክሩ የአርሶ አደር ክርክር ስለሆነና ከመሬት፣ ከውሃና ከመንግሥት ፈቃድ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ በዚህ አዳራሽ ላለ ሰው ባዕድ አይሆንበትም ተብሎ ይታመናል። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች፣ አንድ ቦታ ላይ በግልጽ ከተነገረው በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦታው በምዕራብ ፈረንሳይ በሎዋር-አትላንቲክ ክፍለ ሀገር የሚገኘው ኖትር-ዳም-ደ-ላንድ ነው። ከናንት ከተማ በስተሰሜን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አብዛኛው ሰው የወተት ላም የሚያረባ ሲሆን ማሳዎቹ ትናንሽና ዙሪያቸውን በዛፍና በቁጥቋጦ አጥር የታጠሩ ናቸው። አፈሩ ውሃ ቶሎ አያሰርግም። በብርዱና በዝናቡ ወራት ሜዳው ሁሉ ጨፌ ይሆናል፤ እግር ይሰምጣል፤ ትራክተርም ይይዛል። የውሃ ባለሙያዎች ሲያጠኑት ለአውሮፕላን ማረፊያ ከታሰበው ቦታ 98 ከመቶ የሚሆነው ረግረጋማ መሬት ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህም በላይ ቦታው የውሃ መለያያ ነው። በአንድ ወገን የሚወርደው ውሃ በኤርድር በኩል ወደ ታላቁ የሎዋር ወንዝ፣ በሌላው ወገን የሚወርደው ደግሞ በኢዛክ በኩል ወደ ቪላን ወንዝ ይሄዳል። በተፋሰስ ሥራ የቆየ አርሶ አደር ይህን ሲሰማ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ የወንዝ ራስ የተነካ እንደሆነ ጉዳቱ ታች ላለው ሁሉ ይደርሳል።

የመንግሥት ባለሥልጣናት ይህን ቦታ ለትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ ያጩት በ1960ዎቹ ነበር። ዘመኑ ኮንኮርድ የተባለው ከድምፅ የሚፈጥን አውሮፕላን የሚሠራበትና የአየር ትራንስፖርት ወሰን የሌለው የሚመስልበት ዘመን ነው። አርሶ አደሮቹ ወሬው እንደ ደረሳቸው በ1972 የመከላከያ ማኅበር አቋቋሙ። በ1974 ደግሞ አካባቢው «ዘግይቶ የሚለማ ክልል» ተብሎ ተከለለ። ይህ ማለት መሬቱን መሸጥ የፈለገ ሰው በቅድሚያ ለክፍለ ሀገሩ አስተዳደር ማቅረብ ነበረበት ማለት ነው። አስተዳደሩም እየገዛ አከማቸ። ቀጥሎ ግን የነዳጅ ዋጋ ናረና ዕቅዱ መሳቢያ ውስጥ ገባ፤ ለ25 ዓመት ያህልም ተኛ።

ዕቅዱ ተኛ እንጂ አልተሰረዘም። ይህ ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ቢመስልም ለገበሬው ከባድ ነው። አዲስ በረት ልሥራ አልሥራ፣ ልጄን በእርሻው ልትከለው ወይስ ከተማ ልላከው እያሉ አንድ ትውልድ ሙሉ አመነቱ።

በዚህ መካከል ማንም ያላሰበው ነገር ሆነ። በእነዚያው ዓመታት በምዕራብ ፈረንሳይ የመሬት ማዋሃድ ዘመቻ ይካሄድ ነበር፤ የተበታተኑ ማሳዎች በሰፊው ሲዋሃዱ የዛፍ አጥሮች ተነቀሉ፣ ጨፌዎች በቦይ ጠነፈፉ። ኖትር-ዳም-ደ-ላንድ ግን ነገ አስፋልት ይሆናል ስለተባለ ማንም ገንዘብ አላወጣበትም። በዚህም ምክንያት አጥሩም፣ ኩሬውም፣ ጨፌውም እንደነበረ ቆየ። በኋላ ፕሮጀክቱን ያስቸገረው ይኸው ጨፌ ነው።

በ2000 መንግሥት ዕቅዱን ከመሳቢያ አወጣው። ከ2002 መጨረሻ እስከ 2003 የሕዝብ ክርክር ተደረገ፤ በ2006 የሕዝብ አስተያየት ተሰበሰበ፤ በየካቲት 2008 ፕሮጀክቱ «ለሕዝብ ጥቅም የሚውል ነው» የሚል ድንጋጌ ወጣ። በዚህ ድንጋጌ መሬት በካሳ ማስለቀቅ ይቻላል፤ የፀና ዘመኑ ግን 10 ዓመት ነው። ይህ የ10 ዓመት ጊዜ ወደ ኋላ ስለሚያስፈልግ በአእምሮ ይያዝ። በ2010 መጨረሻ ቫንሲ የተባለው ትልቅ የግንባታ ድርጅት በሚመራው ኩባንያ ስም ለ55 ዓመት የሚቆይ የግንባታና የማስተዳደር ውል ተፈረመ። የተከለለው መሬት በጠቅላላው 1,650 ሄክታር ነበር።

የደጋፊዎቹም ክርክር ዋዛ አልነበረም። ነባሩ የናንት አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው ደቡብ ይገኛል። አውሮፕላኖች ሲያርፉ በከተማው ላይ ያልፋሉ፤ ሕዝቡ በድምፅ ይቸገራል። መንገደኛው በየዓመቱ ይጨምራል። ከማኮብኮቢያው አጠገብ ደግሞ የግራን-ሊዩ ሐይቅ አለ፤ ወፎች የሚራቡበት፣ በሕግ የተጠበቀ፣ ከ1995 ጀምሮም በራምሳር ስምምነት በዓለም አቀፍ የረግረግ ቦታዎች መዝገብ የሰፈረ ሐይቅ ነው። ስለዚህ ደጋፊዎቹ «ማረፊያው ወደ ሰሜን ቢዛወር ሐይቁ ያርፋል» ይሉ ነበር። እንግዲህ ነገሩ አንዱን ረግረግ ከሌላው ረግረግ ያወዳደረ ክርክር ነው። ክርክሩን የልማትና የፀረ-ልማት ጠብ አድርገው ያቀረቡት ሰዎች ይህን ዘለውታል።

አሁን ወደ ፈቃዱ እንምጣ፤ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በፈረንሳይ የ1992ቱን የውሃ ሕግ ተከትሎ በወጣው ደንብ መሠረት 1 ሄክታርና ከዚያ በላይ የሆነ ረግረጋማ መሬት ለመድፈን ወይም ለማጠንፈፍ የመንግሥትን ልዩ ፈቃድ መያዝ ግዴታ ነው። በሕግ የተጠበቁ እንስሳትና ዕፅዋት ካሉም ሌላ ፈቃድ ይጠየቃል፤ እርሱም የሚሰጠው ሌላ አጥጋቢ አማራጭ አለመኖሩ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። ሕጉ ጥሩ ነው። ችግሩ ከቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ፕሮጀክቱ ለሕዝብ ጥቅም ነው የተባለው በ2008፣ ውሉ የተፈረመው በ2010፣ የውሃው ፈቃድ ግን የተሰጠው በታኅሣሥ 2013 ነው። ሁሉ ነገር ከተፈረመ በኋላ የሚመጣ የውሃ ጥያቄ «ይሠራ ወይስ አይሠራ?» ተብሎ አይጠየቅም፤ «ምን ቢተካ ይበቃል?» ተብሎ ነው የሚጠየቅ። በኖትር-ዳም-ደ-ላንድም የሆነው ይኸው ነው።

በአገራችን በ1995 ዓ.ም. (ይህ በእኛው አቆጣጠር ነው) የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማው ከሥራው መጀመር በፊት እንዲጠናቀቅ ያዛል። የጥናቱ ሰነድ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና በተለይም ጉዳቱ የሚደርስበት ማኅበረሰብ አስተያየት እንዲሰበሰብ ይደነግጋል። የማኅበራት የቦርድ አባላት ይህን አዋጅ ከጽሕፈት ቤታቸው መደርደሪያ አያጡት።

ወደ ነገሩ ስንመለስ፣ በሎዋርና በብርታኝ ተፋሰስ የውሃ ዕቅድ ውስጥ አንድ ቀላል ደንብ ተቀምጦ ነበር። ጨፌ የሚያጠፋ ሰው በዚያው ተፋሰስ ውስጥ በአገልግሎቱና በሕይወታዊ ሀብቱ እኩያ የሆነ ጨፌ ይተካል፤ ይህ ካልተቻለ የጠፋውን ስፋት ሁለት እጥፍ ይተካል። 10 ሄክታር የደፈነ 20 ሄክታር ማለት ነው። ይህን ማንም ገበሬ በገመድ ለክቶ ሊያረጋግጥ ይችላል። የፕሮጀክቱ ባለቤቶች ግን ለመተካት የሚበቃ ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ስለሚሆን ሌላ ስልት አመጡ። ሄክታር መቁጠር ቀርቶ አገልግሎት ይቆጠር አሉ። ጨፌው ውሃ ይይዛል፣ ያጣራል፣ እንስሳት ያኖራል፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጠዋል። ከዚያ በሌላ ቦታ ያለ የበቆሎ ማሳ ወደ ቋሚ ግጦሽ ሲለወጥ፣ የዛፍ አጥር ሲተከል፣ ኩሬ ሲቆፈር ነጥብ ያስገኛል። ነጥብ ከነጥብ ሲቀናነስ ዕዳው ተከፈለ ይባላል።

በሐሳብ ደረጃ ነገሩ የማይረባ አይደለም። ሁሉም ጨፌ እኩል አይደለምና። ነገር ግን ሁለት ከባድ ጥያቄዎች ተነሡ። የመጀመሪያው፣ ነጥቡን ማን ያረጋግጣል የሚለው ነው። ስሌቱ ከመወሳሰቡ የተነሣ ከሠሩት ባለሙያዎች በቀር የሚከታተለው ሰው ጥቂት ሆነ። ሁለተኛው ጥያቄ የአርሶ አደሩ ነው። መተካቱ የሚፈጸመው ኩባንያው ከሌሎች ገበሬዎች ጋር በሚያደርገው ውል ስለሆነ፣ ኩባንያው የደፈነውን ጨፌ ዕዳ የሚከፍለው ጎረቤት ያለ ማሳ ነው። እዚያ ያለው ገበሬ ማዳበሪያ ቀንስ፣ አትረስ፣ በዚህ ጊዜ እጨድ ይባላል። ውሉን የፈረመ ክፍያ ያገኛል፤ ሆኖም ውሉ ሲያልቅና ገበሬው ተመልሶ በቆሎ ሲዘራ አስፋልቱ ግን እዚያው ነው። አስፋልት ዘላለማዊ፣ ውል ደግሞ ጊዜያዊ መሆኑ ከሁሉ የሚበልጥ እንከን ነበር።

በ2012 መጨረሻ በተነሣው ተቃውሞ ምክንያት መንግሥት የውይይት ኮሚሽንና የሳይንስ ባለሙያዎች ጉባኤ አቋቋመ። ባለሙያዎቹ በሚያዝያ 2013 ባቀረቡት ሪፖርት የነጥብ ስልቱን ባለበት ሁኔታ ሊያጸድቁት እንደማይችሉ ገለጹ። በሌላ በኩል የአካባቢው የተፈጥሮ ጥናት አፍቃሪዎች በፈቃደኝነት ተሰባስበው ማሳ ለማሳ እየዞሩ ያለውን ሁሉ ይመዘግቡ ጀመር። ከአዞላ የማይበልጡ ጥቃቅን የውሃ ዕፅዋት፣ እንሽላሊት የሚመስሉ ባለጭራ የኩሬ እንስሳት፣ በቦይ ዳር የሚኖር የውሃ አይጥ፤ በኩባንያው ጥናት ያልተመዘገቡ ዝርያዎችም ተገኙ። አንድ ሰው «ለአይጥ ብሎ አውሮፕላን ማስቆም?» ብሎ ሊስቅ ይችላል። በእርግጥ በዚያም አገር ብዙዎች ስቀዋል። ነገር ግን አይጡ የጨፌው ምስክር ነው። ጨፌው ከሌለ አይጡም አይኖርም፤ አይጡ ካለ ጨፌው ገና በሕይወት አለ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን አርሶ አደሮቹ ዝም ብለው አልተቀመጡም። በሚያዝያ 2012 ጥቂት አርሶ አደሮች በናንት ከተማ የረሃብ አድማ አደረጉ። ከ28 ቀን በኋላ በፍርድ ቤት ያቀረቡት አቤቱታ እልባት ሳያገኝ እንደማይፈናቀሉ ቃል ስለተገባላቸው አድማውን አቆሙ። ይህ ቃል ኋላ ላይ ትልቅ ዋጋ አወጣ። በጥቅምት 2012 መንግሥት በፖሊስ ኃይል ባዶ ቤቶችንና አካባቢውን ለመያዝ የመጡ ወጣቶችን ጎጆ ማፍረስ ጀመረ። ከወር በኋላ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተመልሶ መጥቶ ሠራ፤ ገበሬዎችም ትራክተሮቻቸውን ከጎጆዎቹ ዙሪያ አቁመው በሰንሰለት አሰሩ። ከመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ የከተማ ልጆች ነበሩ። ከገበሬው ጋር በአኗኗርም በአነጋገርም ይለያዩ ስለነበር አለመግባባት አልታጣም፤ መንገድ በመዝጋታቸው የተማረሩ ነዋሪዎችም ነበሩ። ያም ሆኖ የክልሉ የአርሶ አደር ድርጅቶች ስብስብ በጥር 2013 ባለቤቱ ሸጦ የሄደበትን የቤልቪዩ እርሻ ያዘና ማረስና ማርባት ቀጠለ። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር፤ ጦም ያደረ መሬት ይነጠቃል።

ፈቃዶቹ በታኅሣሥ 2013 በክፍለ ሀገሩ የመንግሥት ተወካይ ተፈረሙ። ተቃዋሚዎቹ ለአስተዳደር ፍርድ ቤት ይግባኝ አሉ። በሐምሌ 2015 የናንት ፍርድ ቤት አቤቱታቸውን ሁሉ ውድቅ አደረገ። በጥር 2016 ሌላ ፍርድ ቤት ለመልቀቅ እምቢ ያሉ 11 ቤተሰቦችና 4 እርሻዎች እንዲነሡ ወሰነ። በዚያው ዓመት ሰኔ 26 ቀን በክፍለ ሀገሩ ሕዝብ ድምፅ እንዲሰጥ ተደርጎ 55 ከመቶ የሚሆነው «ይዛወር» አለ። በኖትር-ዳም-ደ-ላንድ ቀበሌ ግን ከ100 ሰው ከ70 በላይ «አይዛወርም» ብሏል። የድምፁ ክልል ማን ይሁን የሚለው ራሱ አከራካሪ ነበር፤ የመንገደኛው ቤትና የባለመሬቱ ቤት በአንድ ሣጥን ሲገቡ ብዛት ያለው ያሸንፋል።

በኅዳር 2016 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ሰማ። በፈረንሳይ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አሠራር ከዳኞቹ ውሳኔ በፊት ሕጉን መርምሮ ገለልተኛ አስተያየት የሚያቀርብ ባለሙያ አለ። ይህ ባለሙያ በዚህ መዝገብ ላይ ያቀረበው አስተያየት ፈቃዶቹ ይሰረዙ የሚል ነበር። ምክንያቱም ነባሩን አውሮፕላን ማረፊያ ማደስ አጥጋቢ አማራጭ በመሆኑ የተጠበቁ ዝርያዎችን ለማጥፋት ፈቃድ ሊሰጥ አይገባም የሚል ነው። ዳኞቹ ግን ኅዳር 14 ቀን ይህን አስተያየት ሳይቀበሉ ይግባኙን ውድቅ አደረጉ። በሕግ ረገድ አርሶ አደሮቹ በየደረጃው ተሸንፈዋል ማለት ይቻላል።

ከዚህ ውሳኔ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 8 ቀን፣ አሥር ሺዎች የሚሆን ሕዝብ እያንዳንዱ ምርኩዝ ይዞ ወደ ጨፌው መጥቶ ነበር። ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተክለው ሄዱ። ፖሊስ የመጣ እንደሆነ ተመልሰን እናነሣዋለን የሚል ቃል ኪዳን ነው። በአገራችን ገጠር ዱላ ይዞ መሐላ የሚያውቅ ሰው የዚህ ትርጉም አይጠፋውም።

በ2017 አዲስ መንግሥት ሲመጣ ሦስት ሸምጋዮች ተሾሙ። በታኅሣሥ 2017 ባቀረቡት ሪፖርት ሁለቱም አማራጮች፣ ማለትም አዲስ መሥራትም ነባሩን ማደስም፣ የሚቻሉ መሆናቸውን አረጋገጡ። ለዓመታት «ሌላ አማራጭ የለም» ሲባል የነበረው ቃል በዚህ ተናጋ። የ10 ዓመቱ ድንጋጌ የሚያበቃበት የካቲት 2018ም ደርሶ ነበር። ጥር 17 ቀን 2018 ጠቅላይ ሚኒስትር ኤዱዋር ፊሊፕ ፕሮጀክቱ መሰረዙን አስታወቁ። ፍርድ ቤት ያላስቆመውን ነገር ጊዜ አስቆመው፤ ጊዜውን ያስገኘው ደግሞ በረሃብ አድማው የተገኘው ቃልና በየደረጃው የቀረበው ይግባኝ ነው። ምናልባት ለማኅበራት መሪዎች ከዚህ ታሪክ የሚጠቅመው ይህ ነጥብ ሳይሆን አይቀርም፤ የተሸነፈ አቤቱታም ቀን ይገዛል።

ከድሉ በኋላ ያለው ታሪክ ብዙ ጊዜ አይወራም፤ ነገር ግን ለኅብረት ሥራ ሰው የሚጠቅመው እሱ ነው። በሚያዝያ 2018 መንግሥት ሕጋዊ ሰነድ የሌላቸውን ነዋሪዎች ለማስነሣት 2,500 ያህል ጸጥታ አስከባሪ አሰማራ። ብዙ ጎጆ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ መሬቱን ለማልማት የፈለገ ሁሉ በስሙ የእርሻ ዕቅድ አቅርቦ ውል እንዲይዝ ተጠየቀ። በጋራ እየሠሩ የቆዩ ሰዎች በግል ስም መፈረም ከበዳቸው፤ ሆኖም አብዛኞቹ ፈረሙ። በ1970ዎቹ በደቡብ ፈረንሳይ ላርዛክ የወታደር ካምፕ እንዳይስፋፋ ታግለው ያስቀሩ ገበሬዎች ከመንግሥት ላይ 6,300 ሄክታር ያህል በማኅበር ስም በረጅም ኪራይ ይዘው ስለሚያስተዳድሩ፣ የኖትር-ዳም-ደ-ላንድ ሰዎችም ይህን አርአያ ይጠቅሱ ነበር። መንግሥት ግን ያንን መንገድ አልተከተለም፤ መሬቱን አብዛኛውን ለክፍለ ሀገሩ አስተዳደር መልሶ ሸጠ።

ከዚያ ወዲያ የተነሣው ጠብ ከኩባንያ ጋር አልነበረም፤ ገበሬ ከገበሬ ጋር ነው። ቀደም ሲል ካሳ ተቀብለው፣ አንዳንዶቹም ምትክ መሬት በሌላ ቦታ ወስደው የሄዱ ባለእርሻዎች «ፕሮጀክቱ ከቀረ የድሮ መሬታችን ይመለስልን» ብለው መጡ። ካሳ አንቀበልም ብለው ለዓመታት የተንገላቱት ደግሞ «አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይከፈለውም፤ መሬቱ ለጀማሪ ወጣቶች ይሰጥ» አሉ። ሁለቱም ወገን የሚያቀርበው ማስረጃ ነበረው። ማን በየትኛው ሰነድ ላይ ምን እንደ ፈረመ በሚገባ ተጽፎ የተቀመጠበት ማሳ ቶሎ እልባት ያገኛል፤ በቃል ብቻ የሄደው ይጓተታል። ክፍለ ሀገሩ በየማሳው እያጣራ ከአርሶ አደሮቹ ጋር የረጅም ጊዜ የኪራይ ውል ወደ መዋዋል ገባ።

ነባሩ የናንት አውሮፕላን ማረፊያ በበኩሉ በ2019 ከ7 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ አስተናግዷል። ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የበረራ ገደብ ተጥሎበታል። በግራን-ሊዩ ሐይቅ ዳር ያሉት ነዋሪዎች የራሳቸውን አቤቱታ ይዘው ቀጥለዋል፤ በኖትር-ዳም-ደ-ላንድ ጨፌ ላይ ደግሞ ላሞቹ ይግጣሉ።